ሦስት ሰው ያመጣልኝ አንድ መድኃኒት

መጀመሪያ ያገኘሁት በርበሬ እየለቀምኩ ነው። ቡታጅራ ገበያ የሚያውቀኝ ሰው «ሸምሲያ የበርበሬዋ» ይለኛል፤ ከማረቆ የሚመጣውን ዛላ ገዝቼ፣ ቀዩን ከገረጣው ለይቼ ለአዲስ አበባ ነጋዴ አስረክባለሁ። ያን ቀን ጆንያ አቅፌ ወደ ጎን ሳዞር ግራ ጡቴ ሥር አንድ ነገር ተጫነኝ። እጄን ሰደድኩ። ጠጠር የሚያህል፣ ስነካው የማይሸሽ እብጠት ነበር። አላመመኝም። ስላላመመኝ ናቅኩት።

እኛ ዘንድ ሕመም የሚባለው የሚያስጮኸው ነው። ጥርስ ሕመም ነው፤ ምጥ ሕመም ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠን ነገር ማን ሐኪም ቤት ይወስደዋል? ጆንያው መትቶኝ ይሆናል ብዬ ቅቤ ቀባሁት። የበርበሬ ወቅት ስለነበር ጊዜም አልነበረኝም። ወቅቱ ሲያልፍ ግን እብጠቱ አብሮ አላለፈም፤ እንዲያውም ቆዳዬን ወደ ውስጥ ስቦ አጎድጉዶታል። ያኔ ለባለቤቴ ለሁሴን አሳየሁት። ሁሴን ጃኬቱን ለበሰ።

የቡታጅራው ሐኪም ዳሰሰኝና ወደ አዲስ አበባ ጻፈልን። «ዛሬ ነገ አትበሉ» አለን። አዲስ አበባ መርፌ ወጉኝ። ናሙና ወሰዱ። ባዮፕሲ ይባላል። ውጤቱን የነገረችን ዶክተር ወጣት ናት። «ካንሰር ነው» አለች። ሁሴን ወለሉን አየ። እኔ እጇን አየሁ። ጡቴን አወጡት። ከብብቴም ዕጢ ቆረጡ። ኬሞቴራፒ ጀመርኩ። ፀጉሬ ሄደ። ምግብ ሁሉ ብረት ብረት አለኝ። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም። አለፈ፤ አልሐምዱሊላህ።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስላለው ነገር ነው። ስለ ቀዶ ጥገናውና ስለ ኬሞው የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን አላህ ማረሽ» ብሎ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ በየቀኑ ስለምትዋጠው ትንሽ ክኒን ግን ማንም አልነገረኝም። እኔን ልትጥለኝ የደረሰችው እሷ ናት። ያቆመችኝም እሷው ናት። እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል።

የጡቴ ናሙና ሌላ ምርመራ ተደርጎለት ውጤቱ ሲመጣ ኬሞው አልቆ ነበር። «የእርስዎ ካንሰር ሆርሞን እየተመገበ የሚያድግ ዓይነት ነው» አለችኝ ዶክተሯ። «ሆርሞኑ ኤስትሮጅን ይባላል፤ የሴት ገላ ራሱ የሚሠራው ነው። ይህ ክኒን ታሞክሲፈን ነው። በቀን አንድ፣ ለአምስት ዓመት።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ምን ይሠራልኛል?» አልኳት።

አሰብ አደረገችና «ከቡታጅራ በምን መጡ?» አለችኝ።

«በሚኒባስ።»

«እንግዲያው እንደ ሚኒባስ ወንበር ያስቡት። የካንሰሩ ሴል ላይ መቀመጫ አለ፤ ሪሰፕተር እንለዋለን። ኤስትሮጅን መጥቶ ከተቀመጠ ካንሰሩ መንገዱን ይቀጥላል። ታሞክሲፈን ቀድሞ ይገባና ይቀመጥበታል። ኤስትሮጅን ሲመጣ ቦታ ያጣል።»

«ትርፍ አይጭንም?»

ሳቀች። ያ ክፍል ውስጥ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ትርፍ አይጭንም» አለች፤ «ግን መዋጥ ከተዉ ወንበሩ ባዶ ይሆናል።»

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ያለውን ወንበር እያየሁ ተጓዝኩ። ሰው ይወርዳል፣ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይቀመጣል፣ ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ይላል። እኔ ቁጭ ብዬ ዳቦ ስበላ፣ ከጎረቤት ስጨቃጨቅ፣ በገላዬ ውስጥ እንዲህ ያለ ግፊያ እየተካሄደ ኖሯል። ከሽምብራ የማትበልጥ ነገር ዋጥኩና ሄዳ የእኔን በር እየጠበቀች ነው። ሱብሃነላህ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ምን ሆንሽ በሚል ዓይን አየኝ።

አስካለን ያገኘኋት እዚያው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። ወልቂጤ ገበያ ቆጮ ትሸጣለች፤ ክርስቲያን ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እሷም ቀኝ ጡቷን አጥታለች። ሁለታችንም ጉራጌ ነን፤ በቋንቋችን ስንሞክረው ግን እሷ የቸሃን፣ እኔ የመስቃንን እያወራን አልተግባባንም። በአማርኛ ተገላገልን። ተራዋን ስትጠብቅ «ግራና ቀኝ ሆነን ተገናኘን፤ ሁለታችን አንድ ሙሉ ሴት ይወጣናል» አለችኝ። በእንዲህ ያለ ነገር ይቀለዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ እንደዋወላለን። የእሷ ሕክምና ከእኔ ስለዘገየ ክኒኑንም ከእኔ ዘግይታ ነው የጀመረችው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና ነበርኩ ማለት ይቻላል። ሙቀቱ ግን መጣ። ከደረቴ ይነሳና አንገቴን ይዞ ፊቴ ላይ ይፈነዳል፤ ላቡ ሻሼን ያርሰዋል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል። ይሄ ሁሉ ዓመት በርበሬ ውስጥ ኖሬ አሁን በርበሬ ጠላኝ እንዴ ብዬ ፊቴን ታጠብኩ። ሙቀቱ በርበሬ በሌለበት መስጊድም ሲመጣብኝ ክኒኑ መሆኑ ገባኝ። ቢሆንም ቻልኩት።

ችግሩ መድኃኒቱ ቡታጅራ አለመገኘቱ ነበር። ሆስፒታሉ የሰጠኝ ሲያልቅ የአዲስ አበባ ዘመዶቼ «አንቺ አትልፊ፣ እኛ አለንልሽ» አሉኝ። የእኛ አገር ሰው ለአረፋ ከያለበት ይገባል። የሚሌኒየሙ ዓመት ስለነበር የየሱቁ ባንዲራና አምፖል ገና አልወረደም። ከመርካቶ የሚመጣው መኪና መንገዱን ሞልቶት ነበር። መርካቶ ጨርቅ የሚሸጠው ታላቅ ወንድሜ ከማል ክኒን ይዞ መጣ። አይሱዙ የሚነዳው የባለቤቴ ወንድም ሱልጣንም ይዞ መጣ። ምግብ ቤት የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ሐሊማም ይዛ መጣች። አንዱ ለሌላው አልነገረም። ሦስቱም ታሞክሲፈን ነው፤ ሦስቱም የተለያየ ፋብሪካ ነው። የከማል ነጭና ወፍራም፣ በሚያምር ካርቶን የመጣ ነው። የሱልጣን መሃሉ ላይ መስመር አለው። የሐሊማ ልባስ ያላት፣ ቢጫ ያዘነበለች ትንሽ ክኒን ናት።

እንግዲህ የእኛን ሰው የምታውቁ ቀጥሎ የሆነውን ትገምታላችሁ። ሰው ደክሞ ያመጣልህን ሳትቀምስ ማስቀመጥ ነውር ነው። የአንዱን በልቶ የሌላውን መተው ደግሞ ከነውርም ይብሳል። ከማል በየጊዜው ይደውላል፤ «ያመጣሁልሽ እንዴት ነው?» ይላል። ሱልጣን ባለፈ ቁጥር መኪናውን አቁሞ ይጠይቃል። ስለዚህ ለማንም እንዳላደላ ብዬ በየተራ ዋጥኳቸው፤ ዛሬ የከማልን፣ ነገ የሱልጣንን፣ ከነገ ወዲያ የሐሊማን። በልቤ ፍትሐዊ ነበርኩ።

በዓሉ ሳያልፍ አንድ ቀን ከማልና ሱልጣን እኛ ቤት ምሳ ተቀመጡ። ከማል «መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ብሎ ካርቶኑን ራሱ አቀበለኝ፤ ዋጥኩ። ሱልጣን ዓይኑን ከእኔ ወደ ምጣዱ ሥጋ መለሰ። ቅር ሲለው ታወቀኝ። ይሉኝታ ይዞኝ የእሱንም ዋጥኩ። ያን ቀን ሲያጥወለውለኝ ዋለ፤ እነሱ ሥጋው ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ገላዬን መረዳት አቃተኝ። አንድ ቀን ባቴ ይቋጠርና ያስጮኸኛል። በሌላው ቀን ጣቶቼ አልታጠፍ ይላሉ፤ ዛላ መያዝ ያቅተኛል። ደህና ስሆን ደግሞ በደህናነቴ አላምንም፤ ነገ ምን ይመጣ ይሆን እላለሁ። እንቅልፍ ጠፋ። ሆድ ባሰኝ። አንድ የዱሮ ደንበኛዬ ዛላውን ጨብጦ «እርጥብ አይደለም ወይ?» አለኝ። ሁሌም የሚለው ነው፤ ዋጋ ማውረጃው ነው። ጆንያውን እግሩ ሥር ገልብጬበት «ሂድልኝ» አልኩትና በገበያው መሃል አለቀስኩ። ሰውዬው ደንግጦ በርበሬውን ለቅሞ መለሰልኝ።

ሁሴን ማታ «ይሄ መድኃኒት ካንሰሩን ገድሎ አንቺን ካስቀረ ደግ። አንቺንም ከወሰደሽ ግን ምኑን መድኃኒት ሆነ?» አለኝ። ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ለአስካለ ደወልኩ።

«ልተወው ነው» አልኳት።

«እኔም እንደዚያው ልልሽ ነበር» አለችኝ። «ልጄ የሚያመጣልኝን በዋጥኩ ቁጥር ያስመልሰኛል። ቆጮ ሸጬ መግባት አቃተኝ።» ቀጥላ «ግን አንቺ ሸምሲያ፣ ያ ወንበርስ?» አለች። ዶክተሯ ለእሷም ነግራታለች ማለት ነው።

ባዶ ወንበሩ ታየኝ። እንደ አዲስ አስፈራኝ። ከመተዋችን በፊት አንድ ጊዜ አብረን እንሂድ ተባባልንና ቀጠሯችንን አንድ ቀን አስደረግን።

ዶክተሯ ፊት ፌስታሌን ገለበጥኩት። «ይሄ የከማል ነው፣ ይሄ የሱልጣን፣ ይቺ የሐሊማ ናት» አልኳት። «በከማል ቀን ባቴን ያመኛል መሰለኝ። ግን ከሱልጣን ቀን ጋር ይምታታብኛል።»

ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አገላብጣ፣ ሚሊግራሙንና ጊዜያቸው የሚያልፍበትን ቀን አይታ ደረደረቻቸው። «ሁሉም ጊዜያቸው አላለፈም፤ መጠናቸውም አንድ ነው» አለች። «በየቀኑ እያቀያየሩ ነው የሚወስዱት?»

«እንዳይቀየሙ ብዬ ነው።» ሁለት የዋጥኩበትን ቀንም ነገርኳት።

ይህን ጊዜ አልሳቀችም። «ሁለት አይዋጥም» አለች። «ይህ መድኃኒት ነው፣ ጉርሻ አይደለም።» ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። «ዋናው መድኃኒት በሦስቱም ውስጥ አንድ ነው። ማያያዣው፣ ልባሱ፣ ቀለሙ ነው የሚለያየው። ለብዙ ሴቶች ምንም ለውጥ የለውም። አንዳንዷ ግን በአንዱ ይብስባታል፣ በሌላው ይቀላታል። ለምን እንደሆነ ሁሌ በእርግጠኝነት አናውቅም። አንድ ዓይነት ይያዙና ይቆዩበት፤ ካልሆነ ወደ ሌላው እንሄዳለን። እንዲህ ከተቀላቀለ ግን እኔም እርስዎም የምናውቀው ነገር የለም።» ቀጥላ ድምጿን አጠንክራ «አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ወይም ያልተለመደ ደም ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ይምጡ» አለችን።

አስካለ ይህን ሁሉ ሰምታ «ቆጮም እንደዚያው ነው» አለች። «ከአንድ እንሰት ፍቀሽ በሁለት ጉድጓድ ብትቀብሪው ሁለት ዓይነት ሆኖ ይወጣል። አንዱ ለአንዱ ሰው አይስማማም።» ዶክተሯ «ምሳሌው ይያዝልኝ፤ ለሌሎችም እነግራለሁ» አለች።

ታላቅ ነውና ከከማል ጀመርኩ። ከማልን ብቻ። አሁን ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ ባቴ በየሌቱ ይቋጠር ነበር። ዶክተሯ ባየችኝ ጊዜ ወደ ሐሊማ ዞርኩ። በመጀመሪያ ምንም የተለየ ነገር አላየሁም፤ ልማድ ሆኖብኝ ባቴን እያሸሁ እተኛለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ነቅቼ መስኮቱ ነጭ ሆኖ አየሁት። ሰው እንደሚተኛው ተኝቼ አድሬያለሁ። ሁሴንን ቀስቅሼ «ነጋ» አልኩት። «ታዲያ ሁሌ ይነጋ የለ?» አለኝ፤ ከዚያ ገባውና ተነስቶ ተቀመጠ። ሙቀቱ አልጠፋም፤ እንዳታምኑ ሙሉ በሙሉ ጠፋ የሚላችሁን። ግን እየሳሳ ሄደ። ጣቶቼ ታጠፉ። ያንን የገበያ ሰው ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ በዚያው ዋጋ አስወረደኝ።

የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ለእኔ መድኅን የሆነችው የሐሊማ ክኒን፣ ያቺ ልባሷ ቢጫ፣ አስካለን የምታስመልሳት ራሷ ናት። ልጇ የሚያመጣላት ያንኑ ኖሯል። በቀጣዩ ቀጠሯችን ዶክተሯ የእኔን የከማል ካርቶን አየች፣ የአስካለን አየች፣ «እኔ አይቼዋለሁና ተለዋወጡ፤ በራሳችሁ ግን ይህን እንዳታደርጉ» አለች። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ መጀመሪያ በተዋወቅንበት አግዳሚ ወንበር፣ ካርቶን ተቀያየርን። እኔን በየሌቱ ሲያስጮኸኝ የነበረው ክኒን አስካለ ሆድ ውስጥ ገብቶ ዝም አለ። ማስመለሱ ቆመ። ቆጮዋን ሸጣ መግባት ጀመረች። ያው መድኃኒት፣ ያው በሽታ፣ ሁለት ጉራጌ ሴት። ፈጣሪ ሰውን ሲሠራ እያንዳንዱን ለብቻው እንዳበጀው ይነገራል፤ እኔ ያመንኩት ያን ቀን ነው።

የቀረኝ ለከማል መናገር ነበር። ከአባታችን ሞት በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ያመጣልኝንም በየፋርማሲው ዞሮ መርጦ ነው። ሐሊማ ስትሰማ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ስቃለች፤ ሱልጣንም አልከፋውም። ከማል ግን ሌላ ነው። መርካቶ ሱቁ ሄጄ ጨርቅ ሲያጥፍ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ያመጣህልኝ መድኃኒት አልተስማማኝም» አልኩት።

ማጠፉን አላቆመም። «ምርጡን ነበር የገዛሁት።»

«አውቃለሁ። መድኃኒቱ ምንም የለበትም። የእኔ ገላ ነው ያልተቀበለው። ወልቂጤ ያለች አንዲት ሴት ግን በእሱ ድናለች። ሰጠኋት።»

እጁ ቆመ። «የማን ልጅ ናት?»

ጉራጌ አይደል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። «አላውቅም» አልኩት። «አስካለ ትባላለች። ክርስቲያን ናት። ቆጮ ትሸጣለች።»

ጨርቁን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። ተቆጣ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «የሰጠሻት ስንት ጊዜ ያቆያታል?» አለኝ።

በተከታዩ አረፋ ከማል ያንን የሚያምር ካርቶን ይዞ ገባ። «ይሄ የወልቂጤዋ ነው» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ በፊት በነበረው መስቀል የአስካለ ልጅ ወደ አገሩ ሲገባ የእኔን ቢጫ ገዝቶ ለእናቱ ሰጥቷት ነበር፤ እሷም በቀጠሯችን አመጣችልኝ። እንዲህ ሆኖ ቀረ። እሷ በአረፋ፣ እኔ በመስቀል መድኃኒት ይገባልናል። ሁለቱ ሰዎች ተያይተው አያውቁም። ዶክተሯ በየቀጠሮው ካርቶኖቹን እያየች ዓመታቱ እንዲህ አለፉ፤ አንዳንዱ ክረምት ቀላል፣ አንዳንዱ ከባድ፣ በረመዳን ደግሞ እሷን አማክሬ ክኒኔን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት አዛውሬ።

ይህን መንገድ የጀመራችሁ እህቶቼ፣ ክኒኑ ሲከብዳችሁ ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ። የለመዳችሁትን ፋብሪካ ስሙን በቃላችሁ ያዙና ለሚገዛላችሁ ሰው ንገሩት። ዘመድ ሌላ ዓይነት ካመጣ ተቀበሉት፣ መርቁት፣ ሐኪም ሳያየው ግን አትዋጡት። ምርቃቱ ለዘመድ ይበቃዋል። እኔን የጠቀመኝ እናንተን ላይጠቅም ይችላል፤ በዚህም ግራ አትጋቡ፣ እንደዚያ ሆነን ነው የተፈጠርነው። ሙቀቱን ገበያ ላይ ሳትደብቁ ተናገሩት፤ እኔ ከተናገርኩ ወዲህ ስንት ሴት ጠጋ ብላ «እኔም» እንዳለችኝ ብነግራችሁ አታምኑም።

የእኔ አምስት ዓመት ሲሞላ ዶክተሯ «በቃዎት» አለችኝ። «ወንበሩስ?» አልኳት። «አሁን ክትትል ነው፤ መምጣትዎን እንዳይተዉ» አለችኝ። ማስተማመኛ አልሰጠችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ለእሷ፣ ለሁሴን፣ ለእነዚያ ሦስት ዘመዶቼ ያለኝ ምስጋና በዚህ ወረቀት አያልቅም። በዚያ ዓመት አረፋ ከማል እንደ ልማዱ ካርቶኑን ይዞ ገባ። የእኔ ቢያልቅም የአስካለ ገና ነበራ። ካርቶኑን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወልቂጤ ሄድኩ።

አስካለ ከካርቶኑ አንድ ክኒን አውጥታ ፊቴ ዋጠችና ውኃ ጠጣችበት። ያኔ ትዝ አለኝ። «ወንድሜ የማን ልጅ ናት ብሎ ከጠየቀኝ ዓመታት አለፉ፤ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁትም» አልኳት። አባቷን ጠራች፣ የአባቷን አባት ጠራች፣ ከቸሃ የትኛው ጎሳ እንደሆኑ ነገረችኝ፣ ከዚያ መሃል ላይ ተወችው። «ይሄን ሁሉ ከምትሸከሚ» አለችኝ፣ «እህትህ ናት በይው።»

ለከማል መልሱን በስልክ ነገርኩት። «እሱንማ አውቃለሁ» አለኝ።